የክር መንገድ

ከራስ መኮንን ድልድይ፣ ዳገቱ ሲጀምር፣
አንድ ግድግዳ ተጋርተን፣ አሥራ አንድ ዓመት ስንኖር፣
እኔ መታወቂያ፣ ሰርተፍኬት፣ የውርስ ወረቀት ሳባዛ፣
እሱ ጋሽ ሽኩር ሱሪ ሲያሳጥር፣
መብራት በጠፋ ቁጥር
የኔ ማሽን ቀጥ ትላለች፤
የሱ ሲንጀር በእግር ናትና፣ ሽምጥ ትጋልባለች።
«ና ቁጭ በል» ይለኛል፣ በርጩማ በእግሩ ገፍቶ፣
«ያንተ ሥራ ለምኖ አደር፤ ቆሞ ይቀራል መብራት አጥቶ!»

ዓምና ዓይኑ ሰነፈ፤
መርፌ ክር ማጉረሱ፣ የኔ ሥራ ሆኖ አረፈ።
ግድግዳውን ቋ ቋ ሲያደርግ፣ ደንበኛዬን አስቁሜ፣
ጫፉን በምራቅ አሹዬ፣
አጉርሼለት እመለሳለሁ፣ በቀን አምስቴ፣ ደጋግሜ።

ዘንድሮ ልጁ ደወለች፣ ከወራቤ፣ «ይበቃል፣ ና» ብላ፤
ሲንጀሯም ተሸጠች፣
ሲሚንቶው ላይ አራት የእግር ጠባሳ ጥላ።

ምን ልስጠው?
ለልብስ ሰፊ ልብስ አይሰጥ፤
አፋር ወርዶ ጨው እንደ መሸጥ።
መቁጠሪያው ትዝ አለኝ፤ ከኪሱ በሳበው ቁጥር፣
ከአዝራር፣ ከጠመኔ ጋር፣ ተጠላልፎ ከትርፍራፊ ክር፣
እያጉረመረመ ሲፈታው።
ለሱ ማደሪያ ትሁነው፣ መዳፍ የምታህል ከረጢት፣
አፏ በገመድ የሚሳብ፣ የገዛ እጄ የሰፋት።

ጨርቁን ከራሱ ቁርጥራጭ፣ ከጆንያው ሰረቅኩ ዞር ሲል፤
ሱፍ አሰፍቶ ሳይወስድ የቀረ፣ የአንድ ሙሽራ ገበር፣
ሰማያዊ፣ እጅ ላይ ሙልጭ ሙልጭ የሚል።
ልክ መውሰድ አላውቅም።
መዳፌን አስተኛሁ፣ ከማሽኔ መስታወት፤
አረንጓዴው ብርሃን ሄደ፣ መጣ፤
ወጣች እጄ፣ ጥቁርና ነጭ፣ በወረቀት።
በሷ ዙሪያ ቀደድኩ።

ማታ በር ዘግቼ፣ የስልኬን መብራት በጥርሴ ነክሼ፣
ሰፋሁ፣ ተረተርኩ፣ ሰፋሁ፣ ደሞ ተረተርኩ መልሼ።
ክሩ ውሉ ጠፋ፤ ጣቴ ሦስቴ ደማ፤
ከድልድዩ ሥር ወንዙ ሲያስል፣ ካለሁበት ተሰማ።
ሊነጋጋ ሲል ጨረስኩ። ደስ ስትል!
ገመዱን አነሳሁ፣ ከሊስትሮው የገዛሁት፣ አዲስ የጫማ ክር።
በየት ይግባ?
ጠርዟን ዙሪያውን ደፍኜ፣ ዘምዝሜያታለሁ፤
ለገመዱ መንገድ መተው፣ ለካ ረስቻለሁ።
እንደገና ልተርትር? ከደጁ ሚኒባስ ቆሟል፤
ፍራሹ፣ ሳጥኑ ተጭኗል፤
ወያላው ከላይ፣ «አራት ኪሎ! አራት ኪሎ!» ይላል።
በአንድ እጄ ከረጢቷን፣ በአንድ እጄ ገመዱን፣
ሰጠሁት፣ እንዳለ ጉዱን።

ፊቷን እንኳ አላየም፤ ወዲያው ገለበጣት።
«ውስጡን ለቄስ» ይባላል፤
ከልብስ ሰፊ ግን ማን ውስጡን ይደብቃል?
አውራ ጣቱ ስፌቴ ላይ፣ ቀስ ብሎ ተራመደ፤
«እዚህ ጋ እንቅልፍህ መጣ፤ እዚህ ጋ ልብህ ነደደ፤
እዚህ ጋ ስልክ አንስተሃል፤ ይሄ ደሞ ደምህ ነው፤
ገመዱስ? እንግዳ ጠርተህ፣ በሩን ዘጋኸው?»

ሳቀ።
ከኮሌታው ሥር መርፌ ቁልፍ፣ ከኪሱ ምላጭ አውጥቶ፣
ሁለት ስፌት ብቻ በጠሰ፣ በዓይኑ ሳይሆን በጣቱ አይቶ።
ጫፉን በመርፌ ቁልፉ ወግቶ፣ ገመዱን ጨለማ ላከው፤
ከውጭ በጣቱ እየገፋ፣ እየኮረኮረ አዞረው፤
በገባበት ወጣ። ሳበው።
አፏ ተሰበሰበ፣ ሊያፏጭ እንዳሰበ ሰው።
መቁጠሪያውን ጨመረ። ሸረረር አለና ዝም።
«አላህ መንገድ አያሳጣህ» አለኝ፤ ሌላ አልጨመረም።

አሁን ከግድግዳው ወዲያ፣ የስልክ ቀፎ የሚሸጥ ልጅ ገብቷል፤
ሬዲዮ ይወዳል፤ ሰላምታው ጥሩ ነው።
ትናንት መብራት ጠፋ፤ ማሽኔ ቀጥ አለች፤
እጄ ሳላዛት፣ ግድግዳውን ቋ ቋ አደረገች።
«አቤት!» አለ ልጁ።
«ምንም» አልኩት።