ማነሽ?

ሥራዬ ፊት ማጠብ ነው፣ በጥርስ ብሩሽ፣ በስፖንጅ፤
አስቀሎና፣ ጉድጓድ ውስጥ፣ ከሸራ ሥር፣ ከፀሐይ ደጅ።
የጠጠር ሴት ናት፣ አፍንጫዋን ማረሻ የወሰደባት፣
ከጠጉሯ ውስጥ የሸርጣን ጥፍር እንደ ቀንድ የበቀለባት።
ከደረቀች ትጠፋለች፤ አመድ ናት፣ ተራ አቧራ።
ውሃ ሲነካት ትመለሳለች፣ ልክ እንደ ሰው ስሙ ሲጠራ።

ጌናዲ መነጽሩን ጠርጎ ከራስጌዋ ፊደል ለቀመ፤
የቀረው አራት ብቻ ነው፣ ሌላውን ጨው ቃመ።
«ታላሳ» አለ። «የባሕር ንግሥት?» አልኩት። ራሱን ነቀነቀ፤
«ንጉሡ ሌላ ነው፣ ሹካ መሳይ ጦር ይዞ የታወቀ።
እሷ አትገዛም፣ አታዝም፣ የማንም ሹም አይደለችም፤
ውሃው ራሷ ናት» አለኝ፣ «ውሃ ዙፋን ላይ አይቀመጥም።»

እኛ ባሕር አልነበረንም። ስሙ ግን ሞልቶ ተርፎን ነበር፣
ከሩቅ ለመጣው ሁሉ «የባሕር» እያልን ስንቸር፦
የባሕር ዛፍ፣ የባሕር ማሽላ፣ የባሕር ቁልቋል በየአጥር።
እዚህም አሉ ሦስቱም፤ ቁልቋሉ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ሥር።
ሳናውቃት ስሟን ተበድረን ለዛፍ፣ ለእህል አደልን፤
ማን እንደሆነች ግን አንድም ቀን አልጠየቅን።

የጠየቀች እናቴ ማዘንጊያ ናት።
በሱዳን ዳር፣ ጨረቃ በሌለበት፣ ወሬ በተከለከለበት ሌሊት፣
ታንኳ ስንጠብቅ፣ ጀርባዋ ላይ ታዝዬ፣ በአራት ዓመቴ፣
ጨለማው ሲተነፍስ ሰማች። ይወጣል፣ ይገባል። ያኔ እናቴ፣
ጅብ ያልሆነ፣ ነፋስ ያልሆነ፣ መጠን የሌለው ደረት ሰምታ፣
እንደ ዘብ ሳይሆን እንደ ጎረቤት፣ ዝቅ ባለ የማታ ሰላምታ፣
«ማነሽ?» አለቻት።

ማነሽ እንጂ ማነህ አላለችም። ግሪክ አልነገራት፣ ፊደል አልቆጠረች።
መልስ አልመጣም። እግሯ ራሰ። መልሱ ያ ነው ብላ ኖረች።

ባልዲዬን ከቧንቧ እሞላለሁ፤ ማዕበሉ ሠላሳ እርምጃ ቢሆንም፣
ጌናዲ አስጠንቅቆኛል፦ «ጨው ድንጋይ ይበላል፤ ጠብታ እንኳ አይነካትም!»
ባሕርን በባሕር ማጠብ ክልክል ነው።

ነገ አሸዋ እናለብሳታለን። ዛሬ ከግንባሬ ላብ ወደቀ፣
ጨው ያለው፣ አንድ ጠብታ፤ ጉንጯ ላይ ያለው ጠጠር ደመቀ።
ጌናዲ አላየም።