በረዶው እንዴት ዋለ?

ቤርሼባ፣ ነሐሴ፣ ሌሊት አሥራ አንድ፣
የአስፋልቱ ትኩሳት ገና ሳይበርድ፣
የሰሜን ዋልታውን ካርታ እከፍታለሁ፤
ትናንት የነበረ ነጭ እፈልጋለሁ።
ጠርዙ ተበልቷል፣ ብል እንዳገኘው ጋቢ።
የባሕሩን በረዶ ስፋት፣ የአየሩን ዲግሪ እጽፋለሁ፤
መጻፍ አያስታምምም።

ማታ አባቴ ከኔቲቮት ይደውላል፣
ከኩላሊት እጥበት ገና መመለሱ ነው፤
ስለ ራሱ ሳያነሳ
«ያ በረዶሽ እንዴት ዋለ?» ይላል፣
የጎረቤት በሽተኛ ይመስል።
እሱ አይቶት አያውቅም። እኔም፣ ከሳተላይት ሥዕል በቀር።

ሐሙስ ቁጥሩ ከመዝገቡ ሁሉ በታች ወረደ።
«ደህና ነው፣ ትንሽ ተሽሎታል» አልኩት።

ዝም አለ።
ማቀዝቀዣው ባልዲው ውስጥ ጠብ፣ ጠብ ይላል።

«ሐኪሜም» አለ፣
«ልክ በዚህ ድምፅ ነው የሚለኝ።»