«ችን»

ኬረላ ነው። ክረምት። ዝናቡ ሳያባራ፣
ኩርያን ወደ ኩዌት ሊሄድ ነው ለሥራ።
የማሳውን ካርታ በላስቲክ ጠቅልሎ
እጄ ላይ አኖረው፣ «አንተ አለህ» ብሎ።
በአንድ ገንዳ ውሃ የተጠመቅን ነን፣
አንድ ቄስ በአንድ ቀን «ልጆቼ» ያለን።

ግንዱን ተጠምጥሞ ቁንዶ በርበሬው ወጣ፣
ከዶቃው ዘለላ የወርቅ ሽታ መጣ።
ዓይኔ ቀድሞ በላው፣ እጄ ተከተለ፤
ፊርማው አንድ ጭረት፤ ምንኛ ቀለለ!
ሌባ ሌሊት ይሻል፤ እኔ በጠራራ፣
ሻይ እየጠጣሁኝ ከጸሐፊው ጋራ።

ከመጀመሪያው ምርት የናስ መቅረዝ ሰጠሁ፣
«ቫርኪ» አስቀርጬ ከፊት ተቀመጥሁ።
«አደራ በላ» የሚል ስም አልወጣልኝም፤
ከአንዱ በቀር ማንም ጉዴን አያውቅም።
መቅረዙ ይበራል፤ ሁሉ ሰው ይሞቃል፤
እኔ ዘንድ ሲደርስ ግን ብርሃኑ ያልቃል።

«ዘንድሮስ አበበ?» ይለኛል በስልክ፤
«አበበ» እላለሁ። እውነት ነው፣ እስከዚያ ልክ።

ትናንት ሌሊት ታዲያ
«አባታችን» ልል ስል ምላሴ ታሰረች፤
«ችን» የምትል ጭራ
እንደ ዓሣ አጥንት ሆና ጉሮሮዬ ቀረች።
በ«ችን» ውስጥ አለና ኩርያን ቁጭ ብሎ፣
የባዕድ አሸዋ ጫማው ላይ አዝሎ።
ቆርጬ ጣልኋትና፣ ተጣጥፎ እጄ፣
«አባቴ» አልሁ። ግን ማን ይበለኝ «ልጄ»?

ነጋ። ስልኩ ጮኸ፣ ዝናብ እየጣለ፤
አነሣሁ። ኩርያን ነው።
«አበበ ወይ?» አለ።