ሦስተኛው ቁጥር

በአርባው ማግስት ካሜራውን ልጁ አመጣልኝ ጠቅልሎ፣
«ሥራ ያውቃል፣ እጅ ነው ያጣው፤ ካንቺ ወዲያ ማነው?» ብሎ።
ማንገቻው በላብ የነተበ፣ ጠርዙ በጣት የተላገ፣
የጋሽ እንግዳው ዓይን ነው፣ አገር አይቶ ራሱን የሸሸገ።

በአናቱ ላይ አንድ መዘውር፣ በመዘውሩ ሦስት ቁጥር፤
ሲ አንድ፣ ሲ ሁለት፣ ሲ ሦስት፤ ላውራ ጣት የቀረበ ምሥጢር።

ያኔ ተለማማጅ ሳለሁ፣ ፒያሳ ባለች ጠባብ ቤቱ፣
እንዲህ ይለኝ ነበር ጋሼ፣ መነጽሩን ሰቅሎ ባናቱ፦
«ፀሐይ ቀጠሮ አታከብርም፣ ደመናም አያስፈቅድሽም፣
ሙሽራም ስትስቅ ስትስቅ ነው፤ ቆይ ብትያት አትስቅልሽም።
አስቀድመሽ አስቢና ያሰብሽውን መዝግበሽ አኑሪ፣
ሰዓቱ ደርሶ ሲያጣድፍሽ አንዴ አዙሪና ጥሪ።»

አንድን አውቀዋለሁ። አንድ የግቢው ነው፣ የፋሲል፣ የቀትሩ፤
ድንጋዩ ሲግል፣ ቬሎው ሲያንጸባርቅ ከነዝርዝሩ፣
ጥቁሩ ሱፍ ጉድጓድ እንዳይሆን፣ ነጩም እንዳይነድ፣
ሁለቱን ጠምዶ ባንድ ቀንበር ማኸል ለማኸል የሚሄድ።

ሁለትንም አውቀዋለሁ። የማራኪ አዳራሽ ነው፣ የማታው፤
አምፖሉ ሐምራዊ፣ ወዲያው አረንጓዴ፣ የሰውን ፊት የሚመታው፤
እስክስታ የወረደ ትከሻ ጭስ ሆኖ እንዳያመልጥ
በሰከንድ ሁለት መቶ ሃምሳኛ አየር ላይ ይዞ የሚያስቀምጥ።

ሦስተኛው ግን እንግዳው ነው።

አይኤስኦ ሦስት ሺህ ሁለት መቶ፤ የሰከንድ አሥራ አምስተኛ፤
ቀለሙ ለቢጫ አምፖል የተገራ፣ ዘገምተኛ፣ እንቅልፍተኛ።
ከጥጉ ደግሞ አንዲት ሰዓት፤
ያኔ ልብ አላልኳትም።

መቼም ብርሃን አለው ብዬ፣ ለዚህ ቁጥር የሚሆን ቦታ፣
ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገባሁ፣ በጧፍ፣ በዋዜማ ማታ፤
የጣራው መላእክት ቀሉብኝ፣ እንደ ንዳድ በሽታ።
ቅዳሜ ገበያ ወረድኩ፣ ሱቆች መብራት ሲያበሩ፤
ሰዉ ሁሉ ጭራ አወጣ፤ ለሚራመድ አይሆንም ቁጥሩ።
ቀሃ ወንዝ ዳር፣ አዘዞ መንገድ፣ ከጎሃ ኮረብታ ቁልቁል፣
አንዱ ጋ በዛ፣ አንዱ ጋ አነሰ፤ የትም አልሆን አለ እኩል።

ሰኔ ነበር። ሱቁን ልረከብ፣ ዕቃ ልለቅም ገባሁ፤
ውጪ ዝናብ፣ የቆርቆሮ ጩኸት፤ በዳበሳ አምፖል አበራሁ፤
ያቺን አሮጌ ቢጫ አምፖል፣ «ለፎቶ አትሆንም» የሚላት።
ከሥሯ ወንበር፤ በወንበሩ እግር ፕላስተር፣ ባራት ማዕዘናት።
ሌላም ፕላስተር ከበሩ አጠገብ፣ ሦስት እግር የሚያቆም፤
መካከሉን በርምጃ ለካሁ፤
አራት፤ በሱ ጉልበት ስድስት ቢሆን ነው፣ ከዚያ አይበልጥም።

ያቺ የጥግ ሰዓት ትዝ አለችኝ፦
አሥር ሰከንድ።
ቁልፉን ተጭኖ፣ ዞሮ፣ አዝግሞ፣ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣
ኮሌታውን እስኪያስተካክል፣ ልኩ ተለክቶ፣ ተመርጦ።

ለቀብሩ ዕለት ፎቶ ጠፍቶ
መታወቂያውን አስፋፍተን ሰቀልን፣ ማኅተሙ ጉንጩን በልቶ።

ስንት ማታ ሞክሮ ይሆን? ሜሞሪው ላይ አንድም የለ፤
አይቶ አይቶ ሁሉን ሰርዞ፣ ቁጥሩን ብቻ ያልነቀለ።

ካሜራውን ምልክቱ ላይ አቆምኩ። ሲ ሦስት። ተጫንኩ።
ቀይዋ መብራት ብልጭ፣ ብልጭ፤
ልቀመጥ ይሆን? ወንበሩ የኔ አይደለም፤ አልሄድኩ።

ምስሉን አየሁ። ልክ ነው፤ ያልጎደለ፣ ያልተረፈ፤
መደገፊያው ላይ የሰው ጀርባ ቅርጹን ትቶ ያለፈ።

ጥር ገባ። የማራኪው አዳራሽ አምፖሉን ሁሉ ቀየረ፤
ነጭ ሆነ፣ ቀዝቃዛ፤ የሁለት ነገር ከሸፈ፣ ተሻረ።
አዲስ ልክ አወጣሁ። ካሜራው «የት ልመዝግብ?» አለኝ፤
በሁለት ላይ ደረብኩት። አሮጌው ቢጠፋም በቃሌ አለኝ።
ሦስትን አልነካሁም። ለሥራ አይጠቅምም፤
ቦታ ይይዛል እንጂ።

ውጪ ጥሩምባ ተነፋ። ሚዜዎቹ ከመኪና አልወረዱም፤
ቀትር ነው፤ ግቢው ግሏል፤
አውራ ጣቴ መዘውሩ ላይ፦
ሦስት፣
ሁለት፣
አንድ።