ቴስታ ሲፈታ

ከቱሉ ዲምቱ ወዲያ፣ አስፋልቱ ሲያልቅበት፣
ጣራው ላሜራ ነው፣ መሬቱ ጥቁር ዘይት፤
የጋሽ ገለታ ጋራዥ፣ ሐምሌ የሚያድርበት።

ካቢናው ወደ ፊት ተደፍቶ ቆሟል አይሱዙው፣
ለስግደት ወድቆ መነሣት እንደ ረሳ ሰው፤
ባለንብረቱ አቶ ሙዘሚል ዣንጥላ ይዟል፣
ሹፌሩ አሸብር ዝናቡን ችሎታል፤
አሮጌ ጎማ ላይ ቁጭ ብሎ ጫማውን ያያል።

«ቦሎን ከዳር ነው» ይላል ጋሽ ገለታ፣
«ከዳር ወደ መሀል፣ በየተራ፣ በርጋታ፤
ባንድ ወገን ከቸኮልክ ይጣመማል ቴስታ።»
ሰውም እንዲሁ ነው አላለም፤
እኔ ነኝ የጨመርኩት፣ ስጽፈው ማታ።

አስራ ስምንቱን ቦሎን አንድ በአንድ አላላሁ፤
የመጨረሻው እምቢ አለኝ፣ ናፍታ አጠጣሁ፣
ለመንኩት፣ ሰደብኩት፣ አንድ ሲጋራ ያህል ጠበቅሁ፤
ቀጭ ብሎ ሲለቅ የኔም ትከሻ አብሮ ላላ።

ለሁለት አነሣነው፣ ክብደቱ የሙክት፤
ጓርኒሲዮኑ ተላጠ እንደ ቁስል ቅርፊት።
ጣውላው ላይ ገለበጥነው፣ ሆዱ ወደ ሰማይ፤
ስምንት ቫልቮች፣ የተከደኑ ዓይኖች መሳይ።

የሞላ መጫኛው ማሽን ተውሰውት ቀርቷል፣
ጋሽ ገለታ ቡሶላ ደግኖ በመዶሻ ይመታል፤
አንዴ፣ አጭር። ከሥር ጨርቅ ወትፏል።
«እጅህን ጋርድ!»
ጠቅ! ጥፍር የማታክል፣ ለሁለት የተገመሰች ቁልፍ
መዳፌ ውስጥ ዘለለች፤ ሞላው ተነፈሰ እፍፍ።
ሞላ ይሉታል ስሙን፤ ጎድሎ ነው የኖረ፣
ወገቡን ተጨቁኖ በር ሲዘጋ ያደረ።

የመኮሮኒ ካርቶን ላይ ስምንት ቀዳዳ በስቼ፣
ቁጥር በእርሳስ ጽፌ፣ በየተራ ሰክቼ፣
አስቀመጥኳቸው፤ ጋሼ መቶ ጊዜ ነግሮኛል፤
ቫልቭ ከራሱ ቤት ሌላ አይገባም፣ ቢገባም ያፈሳል።

አንደኛው አመድማ፣ ደኅና። ሁለተኛው ጥላሸት።
ሦስተኛውም ምንም አይል።
አራተኛውን ሲስበው እጁ ቆመ በመሀል፤
ከንፈሩ ነድዷል፣ ጠርዙ ተሸርፏል፣
በውኃው መንገድ ውስጥ ቀይ ደለል ተጋግሯል።
ይህን ደለል አውቀዋለሁ፣
የአቃቂ ወንዝ ነው፤ ልጅ ሆኜ ዋኝቼበታለሁ።
መርፌው ቀይ ላይ ሆኖ ዳገቱን ተነድቷል፣
ኋላ ወንዙ በጄሪካን ተቀድቶ ተደፍቷል።

«ማነው ያቃጠለው?» አለ ሙዘሚል፣ ዣንጥላውን አዘንብሎ፣
«ሰው ነው ወይስ ዕቃው? እውነቱን ንገረኝ» ብሎ።
ጋሽ ገለታ ጠርዙን በአውራ ጣቱ ደባበሰ፤
ጎማው ላይ ያለው ሰው ትንፋሹ አነሰ።
«ዕድሜ ነው፤ ብረትም ያረጃል» ሲል መለሰ፣
ቫልቩንም ወደ አራተኛው ቀዳዳ መለሰ።

ዋሸ ብዬ ታዘብኩት።

ጀምበር ስትጠልቅ ግን አሸብር መጣ ተመልሶ፣
ከሶማሌ ተራ ቫልቭ ገዝቶ፣ እስከ ጉልበቱ በስብሶ፤
በራሱ ገንዘብ ነው። ደረሰኝ እንኳ አልያዘም።
ጋሽ ገለታ ስንት ገዛኸው ብሎ አልጠየቀውም፤
አምፖሉን ብቻ ወደሱ አስጠጋለት።
ቅባት ቀብቶ፣ እንጨቱን በመዳፎቹ መሀል አሹሮ፣
ሲፈገፍግ አመሸ፣ ቫልቩን ከቤቱ ጋር አማክሮ።

ሌሊት አምስት ሰዓት ላይ ናፍታ ሞልተን ጠበቅን፣
ሦስት ሰው፣ አንድ አምፖል፣ ትንፋሻችንን ይዘን።
ጠብ አላለም።
«ቤት መታ» አለ ጋሽ ገለታ። ሌላ አልጨመረም።

መፍታቱን ማንም ይፈታል፤ ግጥሙ ነው የሚከብደው፤
እሱን ለነገ አሳደርነው።
ቁልፎቹን ስቆጥር ግን አስራ አምስት ሆኑብኝ፤
አንዷ ዘልላ ጠፍታለች፣ ላቤ መጣብኝ።
ማግኔት በሲባጎ አስሬ ጭቃውን ስጎትት፣
አሸብር ጎኔ ተንበረከከ፣ በስልኩ መብራት፤
«ትገኛለች» አለኝ። «እዚሁ ናት።»
ከጠዋት ጀምሮ ከአፉ የወጣ የመጀመሪያ ቃል ናት።