ጨው የሌለው እራት

ሠላሳ ዓመት ሙሉ መሪ የያዘ እጄ፣
ዛሬ ቢላ ያዘ፣ ከመኪና ወርጄ።
ትርንጎ በርጩማ ላይ፣ ማጀት በር ተቀምጣ፣
ታዝዘኛለች በጣት፦ "ያን አምጣ፣ ይህን አምጣ፤
ውጩን ቅጠል ጣለው፣ ልቡ ነው ሰላጣ።"

ሲስተር የዝብነሽ ግፊቷን ለክታ፣
ደግማም ለክታ፣ ዝም ብላ ቆይታ፣
"ጨው ይቅር" አለችን፣ እንደ ቀላል ነገር፤
አሞሌ ጨው በሬ በገዛበት አገር!
ከዚያ ወዲህ ይኸው ሁለት ሳምንት አለፈ፣
ትርንጎ ከገበታ እጇ እንደታጠፈ።
አልጫውን ገፋችው፣ ሽሮውን ገፋችው፤
"አፈር አፈር ይላል"፣ ይኸው ነው ያለችው።

ጠዋት ቆጋ ወረድሁ፣ ካለኸኝ ማሳ፣
ሰላጣ ቆረጥን ጤዛው ሳይነሣ።
ካሮት ከነአፈሩ ከመደቡ ነቅሎ፣
"ይኸ ለትርንጎ፣ ከእኔ ነው በል" ብሎ፣
ሂሳብ ሲደምርም ሎሚውን አግልሎ፣
ሸኘኝ እስከ ቦዩ፣ ከረጢቴን አዝሎ።

ሦስት ጊዜ አጠብሁት። አንደኛው ውሃ ቀይ፣
ሁለተኛው ደብዛዛ፣ ሦስተኛው እንደ ሰማይ።
አንዲት ትንሽ ቀንድ አውጣ ከቅጠል ሥር ወጣች፤
"አትግደላት፣ ካጥር ጣላት፣
እሷም እራት አላት" አለች።

ቲማቲሙ ሸሸኝ። ካሮቱ ተንከባሎ
ካልጋ ሥር ገባና ቀረ እዚያው ውሎ።
መብራት ሄደ። መጣ።
ሽንኩርቱን ስከትፍ ዓይኔ እንባ ሲያፈስ፣
የዓባይ በረሃ ቁልቁለት ታወሰኝ፦ በሁለተኛ ማርሽ፣ ቀስ፣
ፍሬን ሳያምኑ፣ ቀስ፤
የቸኮለ ሾፌር ጎሐ ጽዮን አይደርስ።

ከዚያ ወደ መደርደሪያው፣ ወደ ጨው ቆርቆሮ፣
ብቻውን ሄደ እጄ፣ በልማድ ታውሮ።
ባዶ! ማን ደፋው? አልጠየቅሁ።
ትርንጎ ወደ ውጭ አየች፤ እኔም ወደ ውጭ አየሁ።
ለጎረቤት ላም ነው የሰጠችው፣ ኋላ ሰማሁ።

ቃሪያ ጣል አደረግሁ፣ ሰናፍጭ በጣት ጫፍ፣
የኑግ ዘይት ጠብታ፣ ጥቁር፣ እንደ ጽሕፈት ፊደል ጫፍ።
ሎሚ ጨመቅሁበት። "አይበቃም" አለችኝ።
"ትርንጎ እያለሽ?" ብላት በማንኪያ መታችኝ።

እንየው ደረሰ፣ ወንድሟ፣ ከነከዘራው፣
ገና ከደጃፉ ገበታውን ቢያው፦
"ምነው አያ ሙላቱ! ሣር ነው ወይ እራቱ?
ከብት ሆናችሁ እንዴ፣ የት ሄደ ወጣችሁ?
'ጎመን በጤና' ያሉት ቀቅለው ነው እንጂ፣ ማን ጥሬ በላላችሁ!"
"ጨዉን ላም በላችው፣" አልሁት፣ "ሣሩ ለኛ ደርሶን፤
ተለዋወጥን በቃ። ተቀመጥ፣ እጅህን ታጠብና ቅመሰን።"

ቀመሰ። ፊቱን አጨማደደ።
"ጨው የለውም" አለ።
እጁ ግን እንደገና ወደ ሳህኑ ሄደ።
"የለውም" አለ ደግሞ፣ አፉን እንደሞላ፤
ያገሬ ሰው እንዲህ ነው፣ እያማ የሚበላ።

ትርንጎ ዝም ብላ ልቡን ፈለቀቀች፣
ያን ነጩን፣ ለስላሳውን፤ አንድ ጊዜ ቀረጠፈች።
አየኋት። እንዳላየ ሆንሁ።
ሁለተኛ ቀረጠፈች።
ከዚያ ወሬ የለም፤ ሦስት ሰው፣ አንድ ሳህን፣
በጥርስ መካከል የቅጠል ድምፅ ብቻ ሲሰማን።

የሳህኑን ጥግ በቁራሽ እንጀራ ጠራርጋ፣
"ቀይ ሥር ጨምርበት ነገ" አለች፣ "ካሮቱንም ካልጋ
ሥር አውጣው፣ አይጥ ሳይወስደው፣ ሳይነጋ።"

ነገ።

ቢላውን አጠብሁት። እንየው ከደጅ ቆሞ
ጥርሱን በስንጥር ይነቅሳል፣ "ጨው የለውም" እያለ፣ ደግሞ ደጋግሞ።