የአንበሳው ጉንጭ

ከፖስታ ቤት በታች፣ በቸርችል ቁልቁለት፣
ጨርቅ ዘርግቻለሁ፣ ከረፋድ እስከ ምሽት፤
አንድ አጉሊ መነጽር፣ አንድ ማግኔት በክር፣
ሦስት የጥርስ ስንጥር፣ ከሻይ ቤቱ ብድር።

ሸምሱ ከተፍ አለ፣ ታክሲው ተራ ይዞ፣
ከመጨበጥ ብዛት፣ መዳፉ ደንዝዞ።
«ጋሼ፣ ይቺን እያት፣ አንበሳው አብጧል፣
ጉንጩ ሎሚ ጎርሶ፣ የዋለ ይመስላል፤
የማተሚያ ስህተት፣ አንድ ብቻ የወጣች፣
ቤት ትገዛለች አሉ፣ ውጭ ሀገር ከሄደች።»

ሃያ አምስት ሳንቲም።
ለማኝ እንኳን አይቶ፣ የሚያልፋት መንገድ ላይ፣
ሱሪው ኪስ አደረች፣ እንደ ብርቅ ሲሳይ።

እኔ እብጠት አውቃለሁ።

ሃያ ሦስት ዓመት፣ ፒያሳ ጓሮ ውስጥ፣
ነሐስ ስፈገፍግ፣ ወርቅ ውኃ ውስጥ ሳሰምጥ፣
ሙሴ ጋራቤድ ነው፣ ያስያዘኝ ይህን ሥራ፣
ቁጣው እንደ አሲዱ፣ ጥፍር የሚያጠራ።
«የጣትህ ወዝ እንኳን፣ ብረቱ ላይ ቢቀር፣
ቅቡ አይጨብጥም፤ ይተኛል ከሥሩ አየር፤
ዛሬ ያብለጨልጫል፤ ከሠርጉ በኋላ
ይነፋል፣ ይላጣል፣ እንደ ሽንኩርት ገላ።
ሙሽሪት መጥታ ደጄ፣ እኔን ስትሰድበኝ፣
እኔ ደግሞ ያኔ፣ አንተን ነው የማገኝ።»

ያ ጓሮ ዛሬ የለም። የቆርቆሮ አጥር ነው።

ሳንቲሟን ተቀበልኩ፣ ማግኔት አስጠጋሁ፤
ጥብቅ! ሆዷ ብረት፣ ነጩ ልብሷ ብቻ።
ወደ ብርሃን ዘንበል አድርጌ አየኋት፦
እባጩ ድቡልቡል፣ ጤዛ የመሰለ፣
የጎፈሩ መስመር፣ ላዩ ላይ እንዳለ፣
ሳይቆረጥ፣ ሳይጠፋ፣ ከሥር ተገፍቶ፣
እንደ ድንኳን ሸራ፣ ተወጥሮ፣ ተነፍቶ።

«ሸምሱ፣ ስማኝ» አልኩት፤
«ማተሚያ ሲሰነጠቅ፣ ጠርዙ ስለት አለው፣
ጠጣር ነው እንደ አጥንት፣ ስንጥር የሚሰብረው።
ደግሞ ዘመድ አለው፤ ያ የታመመ ብረት
የወለዳቸው ሁሉ፣ ያቺኑ ምልክት
እንደ ቤተሰብ አፍንጫ፣ ይዘው ነው የሚወጡት።
ይቺ ግን ብቻዋን ናት፣ ወገን የላት፣ ዘር፣
አንድ ቀን ያደፈ፣ የማጠቢያ ውኃ ነበር።»

ሸምሱ ዝም።
እኔም ዝም ማለት ሲገባኝ፣ አፌ አላረፈም፤
ስለ ወይዘሮ ሸዋረገድ ነገርኩት፣
ጡረታ ሊቀበሉ መጥተው፣ ከቦርሳቸው ሥር
ሃምሳ ሳንቲም አወጡ፤ አንበሳው ግማሽ ፊት፣
የቀረው ባዶ ሜዳ፣ ማተሚያው የሳተው።
በዕድሜዬ ያየሁት፣ እውነተኛው ስህተት።
እጄ እየተንቀጠቀጠ ዋጋ ጠራሁ፤ ጨመርኩ፤ ጨመርኩ።
«ለልጅ ልጄ መጫወቻ ይሁን» ብለው፣
ከአንበሳ አውቶቡስ ትኬት ጋር ጠቅልለው ሄዱ።

ስንጥሩን አነሣሁ።
«አንዴ ጫን ባደርገው፣ ባዶ ከሆነ ይሰምጣል፣
ጠጣር ከሆነ ደግሞ፣ እንጨቱ ይሰበራል።
ልጫነው?»

ጡሩምባ ተነፋ። ሾፌሩ ተቆጣ።
ሸምሱ ስንጥሬን ነጠቀኝ፣ ጥርሱ መሀል ሰካ፤
«ይደርሳል ጋሼ» አለኝ፣ ሳንቲሟን ጨበጠ፣
«ፒያሳ! ፒያሳ! በአራት ኪሎ!» እያለ ሮጠ።

በሩ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ሾፌሩን ሲሞግት ሰማሁት፣
የምሳ ሂሳብ ነው መሰለኝ፣ ወይ የቀን ገቢ፦
«ዘውድ ወይስ ጎፈር?»
(ዘውዱ ከሳንቲም ከወረደ ቆየ፤ ቃሉ ነው የቀረው።)
ያበጠው አንበሳ፣ በመስኮት በኩል፣
ወደ ላይ ተወርውሮ፣ ፀሐይ ላይ ብልጭ አለ፤
በየት እንደ ወደቀ ሳላይ፣
መብራቱ አረንጓዴ ሆነ።